ሰርጌይ ኮሮልዮቭና የላይኛው አየር

በ1957 የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት መሬትን መዞር በጀመረ ጊዜ የሳተላይቱ ስም በአንድ ቀን ውስጥ በዓለም ሁሉ ተሰማ። የሠሪው ስም ግን አልተሰማም። የሶቪየት ኅብረት ጋዜጦች ስለ እርሱ መጻፍ ግድ በሆነባቸው ጊዜ ዋና ነዳፊ ከማለት በቀር ስሙንም ሆነ ፎቶግራፉን አያወጡም ነበር። ስሙ በይፋ የተገለጠው ከስምንት ዓመት በኋላ በሞተ ጊዜ ነው። ይህ ሰው ሰርጌይ ፓቭሎቪች ኮሮልዮቭ ይባላል። በዚህ ምንባብ የሚነገረው የእርሱ የሕይወት ታሪክና፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጊዜ ሲታገለው ሌላ ጊዜ ሲገለገልበት የኖረው የአየር ነገር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኮሮልዮቭ ጃንዩወሪ 12 ቀን 1907 በዛሬዪቱ ዩክሬይን ውስጥ በምትገኘው በዥቶሚር ከተማ ተወለደ። አባቱ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ያህል ሲሆነው እናትና አባቱ ስለ ተለያዩ፣ ኒዥን በምትባል ትንሽ ከተማ በእናቱ ወላጆች ቤት አደገ። እናቱ በኪየቭ ትምህርቷን ትከታተል ስለ ነበር የሚያያት አልፎ አልፎ ነው፤ የዕድሜ እኩያ የሆነ የጨዋታ ጓደኛም አልነበረውም። በዚያ ዘመን አንድ ስመ ጥር አብራሪ ወደ ኒዥን መጥቶ በአውሮፕላን ትርኢት ባሳየ ጊዜ ሕፃኑ ከአያቶቹ ጋር ሆኖ ተመለከተ። ከእንጨትና ከሸራ የተሠራችው መሣሪያ ከመሬት ለቃ ጥቂት በርራ አረፈች። ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር፤ ዳሩ ግን ከልጁ አእምሮ አልጠፋም።

በ1917 ከእናቱና መሐንዲስ ከሆነው እንጀራ አባቱ ጋር በጥቁር ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ኦዴሳ ተዛወረ። በኦዴሳ ወደብ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ያሉት የጦር ክፍል ነበር። ኮሮልዮቭ የግንበኝነትና የአናጢነት ሙያ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት እየተማረ ትርፍ ጊዜውን ከመካኒኮቹ ጋር ያሳልፍ ጀመር። ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ሳለ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነደፈ። ከዚያም በኪየቭ ፖሊቴክኒክ፣ ቀጥሎም በሞስኮ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1929 ተመረቀ። የመመረቂያ ሥራውን የተቆጣጠረው ታላቁ የአውሮፕላን ነዳፊ አንድሬይ ቱፖሌቭ ነው።

ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነዳፊውን ስለ አየር ብዙ ያስተምረዋል። አየር ክንፉን ደግፎ ያነሣዋል፤ በዚያው መጠን ደግሞ ከፊት ለፊት እየተጋፋ ጉዞውን ያዘገየዋል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚበር ሰው ሞተር ስለሌለው ለአየሩ ግፍትሪያ የሚከፍለው በከፍታው ነው። ኮሮልዮቭ የነደፋቸውን አውሮፕላኖች እርሱ ራሱ ያበር ስለ ነበር ይህን የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

በሮኬት በረራ የሚያምኑ ሰዎች በዚያን ጊዜ ጥቂቶች ነበሩ። በ1931 ኮሮልዮቭና ፍሪድሪኽ ጻንደር የሚባል መሐንዲስ ከጓደኞቻቸው ጋር በሞስኮ የሮኬት ጥናት ቡድን አቋቋሙ። የሥራ ቦታቸው የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ሲሆን ደመወዝ ስላልነበራቸው የቡድኑን ስም አሕጽሮት በነጻ የሚሠሩ መሐንዲሶች ቡድን በማለት እየፈቱ ይቀልዱበት ነበር። ኦገስት 17 ቀን 1933 ከሞስኮ አቅራቢያ ያስወነጨፉት ሮኬት 400 ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ። ከተራራ እንኳ የማይበልጥ ከፍታ ነው፤ ይሁን እንጂ በአገሪቱ በፈሳሽ ኦክስጅን የሠራ የመጀመሪያው ሮኬት እርሱ ነበር። መንግሥትም በዚያው ዓመት የሮኬት ምርምር ተቋም ከፈተ፤ ኮሮልዮቭም ከተቋሙ ኃላፊዎች አንዱ ሆነ።

በ1937ና በ1938 በሶቪየት ኅብረት ብዙ ሺህ ንጹሓን ሰዎች በሐሰት ክስ እየታሰሩ ይገደሉ ነበር። የምርምር ተቋሙ ዳይሬክተርና ምክትሉ በጥይት ተገደሉ። ጁን 27 ቀን 1938 ኮሮልዮቭ ራሱ ተያዘ። በምርመራ ላይ ተደበደበ፤ እንደሚነገረውም መንጋጋው የተሰበረው በዚያን ጊዜ ነው። የአሥር ዓመት እሥራት ተፈርዶበት በሩቅ ምሥራቅ ሳይቤሪያ ኮሊማ ወደሚባለው ብርዳም ምድር ተላከና በወርቅ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ የጉልበት ሥራ እንዲሠራ ተደረገ። እዚያም ከረሃቡና ከብርዱ የተነሣ በስከርቪ በሽታ ተይዞ ብዙ ጥርሶቹ ረገፉ። ጥቂት ወራት ተጨምሮበት ቢሆን ኖሮ ሕይወቱ ባልተረፈ ነበር። እናቱና ሁለት ስመ ጥር አብራሪዎች ስለ እርሱ አቤት በማለታቸው ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በ1940 ወደ ሞስኮ ተመለሰ፤ ነጻ ግን አልወጣም። የገባው እስረኛ መሐንዲሶች አውሮፕላን በሚነድፉበት ማረሚያ ቤት ሲሆን የዚያ ክፍል አለቃ የቀድሞ መምህሩ ቱፖሌቭ ነበር። እርሱም እስረኛ ነው። ኮሮልዮቭ የተፈታው ጁላይ 1944 ሲሆን ክሱ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጦ ስሙ የጸዳለት ግን በ1957 ሳተላይቱን ሊያመጥቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ጀርመኖች የሠሩትን ቪ-2 የተባለ ሮኬት እንዲያጠና ወደ ጀርመን ተላከ። በ1946 በሞስኮ አቅራቢያ በተቋቋመው ተቋም የረጅም ርቀት ሮኬቶች ዋና ነዳፊ ሆኖ ተሾመ። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት በሥራ የተሞሉና ከሕዝብ ዓይን የተሰወሩ ናቸው። የመጨረሻው ውጤት አር-7 የተባለው ሮኬት ነው። ይህ ሮኬት የታዘዘው አቶሚክ ቦምብ ወደ ሌላ አህጉር እንዲያደርስ ነበር። ኮሮልዮቭ ግን ያን ያህል ክብደት ያን ያህል ርቀት መሸከም የሚችል ሮኬት ቀለል ያለ ነገር ተሸክሞ መሬትን ሊያዞር እንደሚችል ያውቅ ስለ ነበር ባለ ሥልጣኖቹን እየወተወተ ፈቃድ አገኘ።

በመጀመሪያ የታሰበው ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝንና ብዙ የምርምር መሣሪያዎችን የያዘ ሳተላይት ነበር። መሣሪያዎቹ በጊዜው ስላልደረሱ ኮሮልዮቭ ቀላል የሆነውን አስቀድሞ ለመላክ ወሰነ። ይህም 83.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 58 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ አራት አንቴናዎችን የተሸከመ የተወለወለ ድብልቡል ብረት ነው። ድብልቡል መሆኑ ለአየር ጥናት ተስማሚ ነበር፤ ምክንያቱም ድብልቡል ነገር በየትኛውም ጎኑ ቢዞር ለአየር የሚያጋልጠው ፊት ምንጊዜም እኩል ነው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 በሌሊት ሮኬቱ ከካዛኽስታን ምድረ በዳ ተነሣ። በበረራው ላይ የአንደኛው ሞተር ነዳጅ መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ነዳጁ ከመጠን በላይ ስለ ፈሰሰ ዋናው ሞተር ከታቀደለት ጊዜ አንድ ሴኮንድ ቀድሞ ቆመ። አንድ ሴኮንድ ምን ያህል ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሳተላይቱ ከምድር እጅግ ሲርቅ 1,450 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ የደረሰው 950 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው። ለምድር እጅግ የሚቀርብበት ቦታ ደግሞ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አንዱን ዙር በ96 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንዶች ይፈጽማል። የሬዲዮ ድምፁ ባትሪው እስካለቀበት ድረስ ለሦስት ሳምንት ያህል በዓለም ዙሪያ ተደመጠ፤ ምህዋሩ ከምድር ወገብ በ65 ዲግሪ የዘመመ ስለ ነበር የእኛንም ሰማይ ይሻገር ነበር።

ሳተላይት ለምን አይወድቅም? እውነቱን ለመናገር ዘወትር ይወድቃል። በሴኮንድ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ወደ ጎን ስለሚጓዝ፣ በስበት ተጎትቶ በወደቀ መጠን ድቡልቡሏ መሬት ከሥሩ እያጎነበሰች ትሸሸዋለች። አንዳች የሚያግደው ነገር ባይኖር ኖሮ ይህ ጉዞ ማብቂያ አይኖረውም ነበር። ነገር ግን ከባቢ አየር እንደ ቤት ጣሪያ በአንድ ከፍታ ላይ የሚያበቃ አይደለም፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል እንጂ። በ220 ኪሎ ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው ከቢሊዮን ጊዜ በላይ የሳሳ ነው። እጅግ ፈጣን የሆነው ሳተላይት ግን ያንኑ የሳሳ አየር ያለ ማቋረጥ ስለሚጋፋ ጥቂት በጥቂት ጉልበቱን ያጣል።

በዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ ገመዱ ዝቅ በሚልበት ቦታ ላይ እግሩ መሬቱን ቢነካ ምን ይሆናል? በነካ ቁጥር በማዶው በኩል የሚወጣበት ከፍታ ይቀንሳል። የኮሮልዮቭ ሳተላይትም እንዲሁ ሆነ። ለምድር በሚቀርብበት ቦታ አየሩን እየታከከ ባለፈ ቁጥር በማዶው የሚደርስበት ከፍታ ከ950 ኪሎ ሜትር እያነሰ እያነሰ ሄደ፤ የቅርቡ ቦታ ግን ብዙም አልተለወጠም። ሞላላ የነበረው ምህዋር ወደ ክብነት ተጠጋ። ክብ ሊሆን ሲቃረብም አየሩ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚያገኘው አወራረዱ ፈጠነ።

በዚህ ላይ ለሰሚ እንግዳ የሚመስል አንድ ነገር አለ። አየር የሚያግደው ሳተላይት ፍጥነቱ እንደ መቀነስ ይጨምራል። ወደ ታች ሲወርድ ቁልቁለት እንደሚወርድ ድንጋይ ስለሚሆን፣ ክብ በሆነ ምህዋር ላይ ከፍታ በማጣቱ ከሚያገኘው ጉልበት ግማሹ አየሩን ሲያሞቅ የቀረው ግማሽ ለፍጥነቱ ይተርፋል። መንገዱም ስለሚያጥር አንዱን ዙር የሚጨርስበት ጊዜ ይቀንሳል። ሊቃውንት ሳተላይቱ በየቀኑ ስንት ሴኮንድ ቀድሞ እንደሚመጣ በመቁጠር ብቻ የላይኛው አየር ምን ያህል የታመቀ መሆኑን ለማስላት ቻሉ። የተገኘውም ውጤት ቀድሞ ይገመት ከነበረው የበለጠ ነበር። ደግሞም ፀሐይ በምትናወጥበት ጊዜ የላይኛው አየር ሞቆ ስለሚያብጥ ሳተላይቶች ፈጥነው እንደሚወርዱ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ታወቀ።

ከሳተላይቱ ጋር የሮኬቱ ዋና አካል አብሮ ወደ ምህዋር ገብቶ ነበር። ብዙ ሰዎች ማታ ማታ በሰማይ ላይ ሲያልፍ ያዩትና ሳተላይቱ ነው ብለው ያደነቁት በእርግጥ ይህን ትልቅ የሮኬት ቅርፊት ነው። ይህ ቅርፊት ከሳተላይቱ እጅግ ቢከብድም ፈጥኖ የወደቀው እርሱ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አውድማ ማየት ይበቃል። ገበሬው በላይዳ ወደ ላይ ሲበትነው ፍሬው እዚያው ሲወድቅ ገለባውን ነፋስ ይወስደዋል፤ ገለባ ከክብደቱ ይልቅ ለነፋስ የሚያጋልጠው ፊት ይበልጣልና። ነዳጁን የጨረሰው ባዶ ሮኬትም በሰማይ ላይ ገለባ ነበር፤ በዲሴምበር መጀመሪያ ወደቀ። ድብልቡሉ ሳተላይት ደግሞ 92 ቀን ከቆየና ምድርን 1,440 ጊዜ ያህል ከዞረ በኋላ ጃንዩወሪ 4 ቀን 1958 በታችኛው አየር ውስጥ ገብቶ ተቃጠለ።

ኮሮልዮቭ ግን ያን ቀን ወደ ኋላ ሲመለከት አልተገኘም። ኖቬምበር 3 ቀን 1957 ላይካ የተባለችውን ውሻ የያዘውን ሁለተኛውን ሳተላይት አምጥቋል። ያ ሳተላይት ወደ ምድር የሚመለስበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ላይካም በሙቀት ምክንያት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞተች። አሁን ወደፊት የቀረው ሰውን ልኮ በሕይወት መመለስ ነው።

ሰው የሚጫንበት መንኮራኩር ቮስቶክ ተባለ። ከምህዋር የሚወርደው ፍጥነቱን የሚገታ ሞተር በመተኮስ ነው። ይህ ሞተር በትክክለኛው አቅጣጫ ካልተተኮሰ የሚደርሰውን ጉዳት ኮሮልዮቭ ቀድሞ አይቶታል። ሜይ 1960 ሰው ያልጫነ የሙከራ መንኮራኩር አቅጣጫውን ስቶ ስለ ተኮሰ መውረዱ ቀርቶ ወደ ከፍተኛ ምህዋር ወጣ። ከዚያ የወረደው አየሩ እየጎተተው ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው፤ ሴፕቴምበር 1962 ከአካሉ አንዱ ቁራጭ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ማኒቶዎክ በምትባል ከተማ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ። በውስጡ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

የመግቻው ሞተር አንድ ብቻ ነበር፤ ተተኪ እንዳይጨመርለት ክብደቱ አልፈቀደም። እንግዲህ ሞተሩ እምቢ ቢል የሰውዬው ተስፋ ምንድን ነው? የኮሮልዮቭና የባልደረቦቹ መልስ አየሩ ራሱ ነበር። ምህዋሩን ዝቅ አድርገው መረጡት፤ ሞተሩ ባይሠራም አየሩ መንኮራኩሩን እየጎተተ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ እንዲያወርደው ነው። በዚህም መሠረት ለአሥር ቀን የሚበቃ ምግብና የሚተነፈስ አየር ተጫነ። በእኛ አስተያየት ከኮሮልዮቭ ሥራዎች ሁሉ ብልኅነቱ የሚታይበት ይህ ነው፤ ሳተላይቱን ያጠፋበትን ጠላት ለሰው ልጅ የመጨረሻ ገመድ አድርጎ አስቀመጠው።

ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ዩሪ ጋጋሪን በቮስቶክ ተሳፍሮ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ደግሞ የሮኬቱ ሞተር መቆም ከሚገባው ጊዜ ዘግይቶ ቆመ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሴኮንድ መቅደሙ ሳተላይቱን ዝቅ እንዳደረገው ሁሉ አሁን መዘግየቱ መንኮራኩሩን ከታሰበው በላይ ከፍ አደረገው፤ የሩቁ ቦታ 327 ኪሎ ሜትር ሆነ። በዚህ ከፍታ አየሩ ይበልጥ የሳሳ ስለሆነ በአሥር ቀን ውስጥ ሊያወርደው አይችልም ነበር። ስለዚህ የተዘጋጀው ስንቅ ቀድሞ ያልቃል፤ የመጨረሻው ገመድ አጭር ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የጋጋሪን ሕይወት ያንን አንድ ሞተር ብቻ ተማምና ነበር። ሞተሩም በሰዓቱ ተኮሰ፤ ጋጋሪን ከተነሣ ከ108 ደቂቃ በኋላ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ በደኅና አረፈ። ዓለም ሲደሰት ይህ ሁሉ አልተነገረውም።

ከዚያ በኋላ ኮሮልዮቭ ሁለትና ሦስት ሰው የሚይዙ መንኮራኩሮችን ላከ፤ በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከመንኮራኩር ወጥቶ በሕዋ ላይ የተንሳፈፈው በእርሱ አመራር ነው። ሰውን ወደ ጨረቃ የሚያደርስ ግዙፍ ሮኬትም ጀምሮ ነበር፤ አልጨረሰውም። በኮሊማ የተጎዳው ጤናው እየደከመ ሄዶ ጃንዩወሪ 14 ቀን 1966፣ የ59ኛ ዓመት ልደቱን ባከበረ በሁለተኛው ቀን፣ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ ሞተ። ቀድሞ የተሰበረው መንጋጋው ሐኪሞቹ የመተንፈሻ ቱቦ እንዳያስገቡለት ማስቸገሩ ይነገራል። በማግሥቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ጋዜጦች ፎቶግራፉንና ስሙን አወጡ። ጎረቤቶቹ ሳይቀሩ አብሯቸው የኖረው ሰው ማን እንደ ነበር ያወቁት ያን ጊዜ ነው። አመዱ በሞስኮ በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ተቀመጠ። የጨረቃው ሮኬት ከእርሱ ሞት በኋላ ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተሞክሮ አራቱንም ጊዜ ከሸፈ።

የላይኛው አየር ሥራውን አላቋረጠም። ስካይላብ የተባለው የአሜሪካ የሕዋ ጣቢያ ፀሐይ ከተገመተው በላይ በመናወጧ ከታሰበለት ጊዜ አስቀድሞ በጁላይ 1979 ወድቆ ስብርባሪው በምዕራብ አውስትራሊያ ተበተነ። በፌብሩወሪ 2022 ደግሞ የተላኩ ወደ 40 የሚጠጉ ሳተላይቶች ከፀሐይ በተነሣ ማዕበል አየሩ ስላበጠባቸው ወደ ምህዋራቸው ሳይወጡ ተቃጠሉ። በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞረው ዓለም አቀፍ የሕዋ ጣቢያም ከዚህ አያመልጥም፤ አየሩ በአማካይ በየወሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚያደርገው በየጊዜው መልሶ መገፋት ያስፈልገዋል። ከሚገፉት መካከል ፕሮግሬስ የተባሉት የጭነት መንኮራኩሮች ይገኛሉ፤ እነርሱን ወደ ላይ የሚያደርሳቸው ሮኬት የአር-7 ዘር ነው። የሩሲያ የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚገኘው ኮሮልዮቭ ሃያ ዓመት በሠራባት በሞስኮ አጠገብ ባለችው ከተማ ሲሆን፣ ከተማዪቱ ከ1996 ጀምሮ የምትጠራው በእርሱ ስም ነው።